የሽንፈት አጥቢያ ደጋፊ

በአማርኛችን «የድል አጥቢያ አርበኛ» የሚል ስድብ አለ። የጠላት ወረራ ያወረሰን ቃል ነው። አምስቱን የመከራ ዓመታት ከቤቱ ጥግ ተቀምጦ አሳልፎ፣ በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ ጎፈሬውን አበጥሮ ከአርበኞች ሰልፍ መሐል ብቅ ያለው ሰው ይነወርበታል። ቃሉ ዛሬም ሥራ አልፈታም፤ በመሥሪያ ቤቱም፣ በፖለቲካውም፣ በኳስ ሜዳውም ደህና ያገለግላል። የዚህ ሰው ተቃራኒ ለሆነው ግን ስም አልወጣለትም። ቡድኑ አራት ለባዶ በተረታ ማግስት ያንኑ ማሊያ ለብሶ ከቤቱ የሚወጣውን ሰው ምን እንበለው? እኛ ለጊዜው «የሽንፈት አጥቢያ ደጋፊ» ብለነዋል። ይህ ጽሑፍ የእሱን ታሪክ ይከተላል።

ነገሩን ከሰዋስው እንጀምር። ቡድን ሲያሸንፍ አገሩ ሁሉ «አሸነፍን» ይላል። ኳስ በእግሩ ነክቶ የማያውቀው፣ የተጫዋቾቹን ስም የማይለየው ሳይቀር «አሸነፍን» ይላል። ቡድኑ ሲሸነፍ ግን ቋንቋው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ «ተሸነፉ» ይላል፤ ሌላው «ተሸነፍን»። ግሡ አንድ ነው፤ የተለወጠው ባለቤቱ ብቻ ነው። «ተሸነፉ» ያለው ሰው ሽንፈቱን ለአሥራ አንዱ ልጆች አሸክሞ ወደ ጉዳዩ ሄዷል። «ተሸነፍን» ያለው አብሯቸው ቀርቷል።

ይህ የእኛ አመል ብቻ እንዳይመስለን። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሮበርት ቻልዲኒና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጡት ጥናት እንደኛው ባሉ ተማሪዎች ላይ የተደረገ ነበር። በሰባት ዩኒቨርሲቲዎች ሰኞ ሰኞ የተማሪዎችን አለባበስ ሲቆጥሩ፣ የትምህርት ቤቱ ቡድን ባሸነፈ ሰሞን የትምህርት ቤቱ ስም ያለበትን ልብስ የለበሰው ተማሪ፣ ቡድኑ በተሸነፈ ሰሞን ከለበሰው በዝቶ አገኙት። በስልክ ስለ ጨዋታ ውጤት ሲጠይቁም፣ ተማሪው ድሉን ሲያወራ «እኛ» ማለት ይቀናዋል፤ ሽንፈቱን ሲያወራ ግን «እኛ»ን ይሸሻል። እንግዲህ የድል አጥቢያ አርበኛ በየአገሩ አለ ማለት ነው። የሚያስገርመውና ታሪክ ሊጻፍለት የሚገባው ሌላኛው፣ የማይሸሸው ነው።

እኛን ይህን ጥያቄ ያስነሣን ማንቡክ ናት። ማንቡክ የዳንጉር ወረዳ መቀመጫ ስትሆን፣ ከግልገል በለስ ተነሥቶ ወደ ጉባ በሚዘልቀው መንገድ ላይ ትገኛለች። አገሩ መተከል ነው፤ ቀድሞ በጎጃም ሥር የነበረ፣ ዛሬ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ዞን። ጉሙዙ፣ ሺናሻው፣ አገው፣ አማራው፣ ኦሮሞው አብሮ ይኖርበታል። በ1977 ዓ.ም. የረሀብ ዘመን ደግሞ ከወሎና ከሌሎችም አካባቢዎች የተነሣ ሕዝብ ወደ በለስ ሸለቆ መጥቶ ፓዌ ላይ ሰፍሯል። ማንቡክ በአገሪቱ ፕሬሚየር ሊግ ስሟ የሚጠራበት ክለብ የላትም። ከዚያ የመጣን ተማሪዎች ግቢ ውስጥ «የማን ደጋፊ ናችሁ?» ስንባል፣ የጎንደሩ ልጅ ፋሲልን፣ የባሕር ዳሩ ባሕር ዳር ከተማን፣ የአዲስ አበባው ጊዮርጊስን ወይም ቡናን ሲጠራ፣ እኛ የምንጠራው የሰፈር ስም የለንም። መልሳችን አንድ ነው፤ ብሔራዊ ቡድኑ። ክለብ ለሌላት ከተማ ልጅ የአገር ቤት ቡድኑ አገሪቱ ራሷ ትሆናለች። ያ ቡድን ደግሞ፣ እውነቱን እንነጋገርና፣ ካሸነፈበት የተሸነፈበት ዘመን ይበዛል። ታሪኩን ከሥሩ እንይ።

፩. በገዛ ሜዳው የተረታ

የአዲስ አበባ እግር ኳስ ከሽንፈት ዋዜማ ላይ የተወለደ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ የተመሠረተው በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ነው፤ የፋሺስት ጦር ድንበር ጥሶ በገባ በሦስተኛው ወር ገደማ። አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የሚባሉ ወጣቶች አራዳ ላይ አቋቋሙት። ጥቂት ቆይቶ ከተማይቱ ተያዘች። ወራሪው ኳሱንም በዘር ለይቶ ሲያስተዳድር ቡድኑን «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» የሚል ስም ለጠፈበት። ስሙን የተቀማ ቡድን ደጋፊ መሆን ምን እንደሚመስል እንግዲህ መገመት ነው።

ከነጻነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሲደረግ አምስት ቡድኖች ገቡ። የኢትዮጵያውያኑ ጊዮርጊስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ አምስተኛው የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን። ከአምስቱ የአገሬው ቡድን አንድ ብቻ መሆኑን ልብ ይሏል። ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞቹ ናቸው። ጊዮርጊስ ሻምፒዮን ለመሆን እስከ 1942 ዓ.ም. መጠበቅ ነበረበት። ዛሬ ጊዮርጊስን መደገፍ ከአሸናፊ ጋር መቆም ነው የሚል ሰው እነዚያን ስድስት ዓመታት አያውቃቸውም። ክለቡ በአገሪቱ ትልቁ የሆነው ዋንጫ ባልነበረው ጊዜ «የኛ» ያሉት ሰዎች ስለነበሩት ነው።

፪. የዋንጫው መሥራች፣ የጎል ድሃ

የካቲት 1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት አገራችን ከግብፅ፣ ከሱዳንና ከደቡብ አፍሪካ ጋር ከአራቱ መሥራቾች አንዷ ነበረች። በዚያው ሰሞን የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ተካሄደ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም ብላ ከውድድሩ ስለወጣች፣ ከእሷ ጋር ተደልድሎ የነበረው ቡድናችን ኳስ ሳይነካ ለፍጻሜ ደረሰ። ፍጻሜው ላይ ግብፅ 4 ለ 0 ረታችን። አራቱንም ያገባው አድ ዲባ የሚባል አንድ ሰው ነበር።

በግንቦት 1951 ዓ.ም. ካይሮ ላይ ሁለተኛው ውድድር ተደረገ። ግብፅ እንደገና 4 ለ 0፣ ሱዳን ደግሞ 1 ለ 0 አሸነፉን። ሒሳቡን እንሥራው። በሁለት የአፍሪካ ዋንጫ ሦስት ጨዋታ፣ የገባብን ዘጠኝ፣ ያገባነው ዜሮ። ድግሱን ከደገሱት አንዱ ሆኖ ጠግቦ ያልበላ ሰው ማለት ይኼ ነው።

ከዚያ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. መጣ። ሦስተኛው ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ነበር። በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዚያን 4 ለ 2 ካሰናበትን በኋላ ለፍጻሜ የገጠመን ያው የቀድሞው አሸናፊያችን፣ በወቅቱ የተባበረችው ዐረብ ሪፑብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ ናት። ሁለት ጊዜ መሩን፤ ሁለት ጊዜ አቻ ሆንን። መጀመሪያ ግርማ ተክሌ፣ ቀጥሎ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ አስቆጠሩ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አከሉበት፤ 4 ለ 2። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ፣ ያ በወረራው ዘመን ለጊዮርጊስ ይጫወት የነበረው ሰው ነው። ቡድናችን የአፍሪካ ዋንጫን ያገኘው ያን ቀን ብቻ ነው።

፫. ቁልቁለቱ

ከዚህ በኋላ ያለውን ብዙ ጊዜ በችኮላ እናልፈዋለን። በ1954 ታሪኩ ያለቀ እናስመስላለን። የታማኝነት ታሪክ የሚጀምረው ግን እዚያ ላይ ነው።

በኅዳር 1956 ዓ.ም. ጋና ላይ አራተኛ ወጣን። በኅዳር 1958 ቱኒዚያ 4 ለ 0፣ ሴኔጋል 5 ለ 1 አሸነፉን። በጥር 1960 ዋንጫው ወደ አገራችን ተመልሶ በአዲስ አበባና በአሥመራ ሲደረግ ተስፋው ታደሰ፤ የምድቡን ሦስት ጨዋታ አሸነፍን፤ ግማሽ ፍጻሜው ላይ ኮንጎ ኪንሻሳ በተጨማሪ ሰዓት 3 ለ 2 ጣለን፤ ለሦስተኛነቱም በኮትዲቯር 1 ለ 0 ተረታን። በ1962 ዓ.ም. ሱዳን ላይ ሦስቱንም ጨዋታ ተሸነፍን። ከእነዚያ በአንዱ ኮትዲቯር 6 ለ 1 ስታሸንፈን ሎራን ፖኩ ብቻውን አምስት አገባ።

በ1968 ዓ.ም. ዋንጫው ለሦስተኛ ጊዜ እኛ ዘንድ፣ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ተደረገ። የካቲት 21 ቀን ዩጋንዳን 2 ለ 0 አሸነፍን። ከዚያ በጊኒ 2 ለ 1 ተሸነፍን፣ ከግብፅ 1 ለ 1 ተለያየን፣ ከምድቡ ወጣን። ያቺን የዩጋንዳ ጨዋታ አንባቢ በልቡ ይያዛት። ከዚያች ቀን ወዲህ እስከ 2014 ዓ.ም. የካሜሩን ውድድር ድረስ፣ ብሔራዊ ቡድናችን በአፍሪካ ዋንጫ መድረክ አንድም ጨዋታ አላሸነፈም። በ1974 ዓ.ም. ሊቢያ ላይ በናይጄሪያ 3 ለ 0፣ በዛምቢያ 1 ለ 0 ተሸንፈን፣ ከአልጄሪያ ያለ ጎል ተለያይተን ተመለስን። ከዚያ በሩ ለ31 ዓመት ተዘጋ።

፬. ሠላሳ አንድ ዓመት

ሠላሳ አንድ ዓመት ማለት የሰው ዕድሜ ነው። በ1974 የተወለደ ልጅ አድጎ፣ አግብቶ፣ ልጅ ወልዶ ማለት ነው፤ አባትና ልጅ አንድ ላይ ቡድናቸውን በአፍሪካ ዋንጫ ሳያዩ። ታዲያ የአዲስ አበባ ስታዲየም ለምን ኦና አልሆነም? ተመልካቹ ራሱ ስም ያወጣላቸው ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼ ለምን ሰው አላጡም?

አንዱ መልስ ትንንሽ ድሎች ነበሩ የሚል ነው። እውነት ነው። በታኅሣሥ 1980 ዓ.ም. የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ሲደረግ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፈን ዋንጫውን ወስደናል። የደምሴ ዳምጤ ድምፅ ያንን ምሽት በራዲዮ ስታዲየም ላልገባው ሁሉ አደረሰው፤ ዛሬም ድረስ ያልነበረበት ሰው ሳይቀር እንደነበረበት ያወራዋል። ይድነቃቸው ግን ያንን አላየም። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ የአፍሪካን እግር ኳስ በፕሬዚዳንትነት ሲመራ ቆይቶ፣ የዘር አድልዎ አገዛዝ የነበረባትን ደቡብ አፍሪካ ከውድድር ውጭ ለማድረግ ሲታገል ኖሮ፣ ከአራት ወር በፊት በነሐሴ 1979 ዐርፏል።

ሆኖም ትንንሽ ድል ብቻውን ሠላሳ አንድ ዓመት አያስጠብቅም። ድልን የሚፈልግ ሰው አቋራጭ አለው፤ በ1990ዎቹና ከዚያ ወዲህ በየከተማው ቪዲዮ ቤት የእንግሊዝ ሊግ በጥቂት ብር ይታይ ጀምሯል። አርሴናልን ወይም ማንቼስተርን መርጦ ማሸነፍ ቀላል ነው። ብዙዎቻችንም መርጠናል፤ ምን ይደረግ! የሚገርመው ግን ይህ ነው። ያው የአርሴናል ደጋፊ ብሔራዊ ቡድኑ በሚጫወትበት ቀን ወደ ሌላ ሰውነት ይለወጣል። ለአርሴናል ሲከራከር ምክንያት ይደረድራል፤ ለዋልያዎቹ ምክንያት አይጠየቅም። ቡድንን መምረጥና በቡድን ውስጥ መወለድ የተለያዩ ናቸው። የመረጡትን መተው ይቻላል፤ የተወለዱበትን ግን ቢሰለቹትም፣ ቢሰድቡትም፣ ትቶ የሚኬድበት ቦታ የለም። እናት ወጥ ስታሳርር ሌላ እናት አይፈለግም።

፭. ጥር 13

ጳጉሜን 3 ቀን 2004 ዓ.ም. ኦምዱርማን ላይ ሱዳን 5 ለ 3 አሸነፈችን። ጥቅምት 4 ቀን 2005 በመልሱ ጨዋታ አዲስ አበባ ላይ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ አስቆጥረው 2 ለ 0 አሸነፍን። ድምሩ 5 ለ 5 ሆነ፤ በሰው ሜዳ ያገባናቸው ሦስት ጎሎች አሳለፉን። በሰውነት ቢሻው የሚመራው ቡድን ከ31 ዓመት በኋላ በሩን ከፈተው።

የመጀመሪያው ጨዋታ ኔልስፕሩት፣ ደቡብ አፍሪካ ላይ፣ ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር ሆነ። ቀኑ ጥር 13 ነበር። የ1954ቱ ፍጻሜ በተደረገ በ51 ዓመቱ፣ በዚያችው ዕለት! ፍጹም ቅጣት ምት ሳትን፤ በረኛችን ጀማል ጣሰው በቀይ ወጣ፤ ጎል ገባብን። በአሥር ሰው አዳነ ግርማ አቻ አደረገን። በሥራ ፍለጋ ደቡብ አፍሪካ የሄዱ ወገኖቻችን ስታዲየሙን በቢጫና በአረንጓዴ ሸፍነውት ነበር። ከዚያ ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ ናይጄሪያ 2 ለ 0 አሸነፉን። ቡድኑ ከምድቡ ግርጌ ሆኖ ተመለሰ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የተጀመረው ተስፋም፣ የዓለም ዋንጫው የመጨረሻ ማጣሪያ፣ በጥቅምትና በኅዳር 2006 ዓ.ም. በናይጄሪያ 2 ለ 1 እና 2 ለ 0 ተዘጋ።

በጥር 2014 ካሜሩን ላይም በኬፕ ቨርዴ 1 ለ 0፣ በካሜሩን 4 ለ 1 ተሸንፈን ከቡርኪና ፋሶ 1 ለ 1 ወጣን። የሊቢያውን፣ የደቡብ አፍሪካውንና የካሜሩኑን ብንደምር ዘጠኝ ጨዋታ፣ ሦስት አቻ፣ ስድስት ሽንፈት፤ ያገባነው 3፣ የገባብን 17። የሽንፈት አጥቢያ ደጋፊ ይህን ሒሳብ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ታማኝነቱ ካለማወቅ የመጣ አይደለም።

ከዚህ የባሰም መጣ። በመስከረም 2014 ባሕር ዳር ላይ በደቡብ አፍሪካ 3 ለ 1 ከተሸነፍን በኋላ ስታዲየማችን መሥፈርቱን አያሟላም ተባለ። በኅዳር ወር ጋናን «በሜዳችን» የገጠምነው ጆሃንስበርግ ላይ ነው። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ ሜዳችን ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ነበር። ከ1954 ፍጻሜ ጋር ሊስተካከል የሚችል ውጤት ተገኝቶ ካታንጋ ባዶውን ነበር። ለማንቡክ ልጅ ግን ነገሩ አዲስ አይደለም። ለእሱ ቡድኑ ድሮም የሚጫወተው ሩቅ ነው፤ ድሮም የሚደርሰው በድምፅና በምስል ነው። ያኔ አገሩ ሁሉ ለአንድ ሰሞን እንደ ማንቡክ ሆነ።

፮. ታማኝነትና ሎሌነት

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ አለ፤ በግቢያችንም ሲነገር ሰምተነዋል። «እናንተ ሁልጊዜ ስለምትመጡ ነው እነሱ የማይሻሻሉት። ተመልካች ቢቀር ኃላፊዎቹ ይነቁ ነበር» ይላል። ቀላል ነገር አይደለም። በ2000 ዓ.ም. በፌዴሬሽኑ ውስጥ በተነሣ ሽኩቻ ፊፋ አገሪቱን አግዶ ከዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ሰርዟታል። በሰኔ 2005 ቦትስዋና ላይ በካርድ መሰለፍ የማይገባው ተጫዋች ተሰልፎ በሜዳ የተገኘ ሦስት ነጥብ በጠረጴዛ ተወስዷል። ጎል የሳተው አጥቂ ያሳዝናል፤ ካርድ መቁጠር ያቃተው ጽሕፈት ቤት ግን ያናድዳል።

መልሳችን እንዲህ ነው። ታማኝነት ሌላ፣ ሎሌነት ሌላ። ሎሌ ጌታው ያጠፋውን ይሸፍናል። ታማኝ ግን «ተሸነፍን» ስላለ የመጠየቅ መብት አለው፤ ዕዳው የእሱም ነውና። «ተሸነፉ» ያለው ሰው ማንን ይጠይቃል? የሌላ ሰው ቤት ጣሪያ ቢያፈስ ምን አገባው? ስታዲየሙ ለምን በደረጃው አልተሠራም ብሎ የሚጮኸው፣ ዝናብ ሲዘንብበት ከሚስማር ተራ ያልተነሣው ሰው ነው። ደጋፊው ቢቀር ኃላፊው ይነቃል የሚለው አሳብ እኛ እንደሚመስለን ተገላቢጦሽ ነው፤ ደጋፊው ቢቀር ኃላፊው እፎይ ብሎ ይተኛል።

፯. «ን»

አሁን ወደ መተከል እንመለስ፤ ይህን ሁሉ የጻፍነው ለኳስ ብቻ ብለን አይደለምና። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ባሉት ጥቂት ዓመታት በመተከል ሰው በማንነቱ ተገድሏል፣ ከቀዬው ተፈናቅሏል። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 በቡለን ወረዳ በበኩጂ ቀበሌ ብቻ ከ100 በላይ ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አስታውቋል። ዳንጉርም ከመከራው አልተረፈም። በዚያ ሰሞን ከሁሉ በፊት የጠበበው «እኛ» የሚለው ቃል ነበር። «እኛ» ማለት ጎረቤትን ሳይጨምር ሆነ።

ኳስ ይህን ይፈውሳል የሚል ቅዠት የለንም። ዘጠና ደቂቃ የሞተ አያስነሣም፣ የተቃጠለ ጎጆ አይሠራም። ነገር ግን አንድ ነገር እናስተውላለን። ድል ባለቤት ይበዛበታል፤ «የኔ ነው፣ ያንተ አይደለም» ያጣላል። አባቶቻችን የድል አጥቢያ አርበኛን የጠሉት ድሉን ስለሚሻማቸው ነው። በሽንፈት ግን የሚሻማ የለም። ጉሙዙም አገውም፣ የፓዌው ሰፋሪም የማንቡኩ ነባርም «ተሸነፍን» ቢል ማንም «አንተን ማን ጠራህ?» አይለውም። የጋራ ሽንፈት ማንንም ከበር አይመልስም። «እኛ» የሚለው ቃል ሲጠብ ባየንበት አገር፣ ያለ ክርክር ሁሉንም የሚያስገባ አንድ «ን» መኖሩን ንቀን ማለፍ አንችልም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ የሚቀጥለው ማጣሪያ ይመጣል። እናሸንፍ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ሰው አይጠፋም፣ ስለ እሱ አንጨነቅም። ከተሸነፍን ግን በማግስቱ ጠዋት ወደ ክፍል ስንሄድ ውጤቱን የሚጠይቀን ሰው አይጠፋም። ቁጥሩን ሳንደብቅ እንንገረው፤ ግሡንም በትክክል እንርባለት።